ያረጀ ዕቃ፣ ያልበረደ ገበያ

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ቀን ነው። ከአሪ ደጋ የወረደው ኮረሪማና ቡና በአንድ ወገን፣ ከቆላ የመጣው ፍየል፣ ማርና ቅቤ በሌላ ወገን ሰፍሯል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው ግን ኮረሪማውንም ፍየሉንም አልፎ፣ ጥላ ሥር ወደሚያወጉ ሽማግሌ ይጠጋና የተቀመጡባትን ነገር በጣቱ ያሳያል። "አባባ፣ ይቺን አይሸጧትም?"

ሽማግሌው ሳቁ። የተቀመጡባት ነገር ሐመሮችና በናዎች ቦርኮቶ የሚሏት፣ ከአንድ እንጨት የተጠረበች ትንሽ መቀመጫ ነች። ቀን ዱካ፣ ሌሊት ትራስ ትሆናለች። ጸጉሩን በሸክላ አፈር ያስዋበ ወንድ ሥራው እንዳይበላሽ አንገቱን አስደግፎ የሚተኛው በእርሷ ላይ ነው። የቆላው ሰው ከብት ሲያግድም፣ ገበያ ሲወጣም ከእጁ አይለያትም። ታዲያ እርሷን "ሽጡልኝ" ማለት፣ መርካቶ ላይ አንዱን ነጋዴ አስቁሞ "የተጫሙትን ጫማ ስንት ይሉታል?" እንደማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ ገዢው እየበዛ መሄዱ ነው።

ለመሆኑ ይህን ዕቃ ማን ይፈልገዋል? የዚህ ዓምድ ቅኝት የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ፍላጎቱ ከየት መጣ?

ገዢዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ የሎጅና የሬስቶራንት ባለቤቶች ናቸው። ከቱርሚ እስከ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር እንግዳ የሚቀበል ሁሉ ግድግዳው ላይ ቅል፣ ጥግ ላይ እንስራ፣ በረንዳው ላይ ጥርብ ዱካ ማየት ይሻል። ሁለተኞቹ ቢሾፍቱና ሱሉልታ አካባቢ የእረፍት ቀን ቤት የሠሩ የከተማ ባለሀብቶች ናቸው። እነዚህ ቀደም ሲል ሳሎናቸውን ከዱባይና ከቻይና በመጣ ዕቃ ይሞሉ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ሶፋና መብራትም አብሮት ሽቅብ ወጣ። በአንጻሩ የአገር ቤቱ ዕቃ ዶላር አይጠይቅም። ፋሽኑም ዋጋውም በአንድ አቅጣጫ ሲነፍሱ ገበያ ይፈጠራል፤ የተፈጠረውም እንዲህ ነው።

አቅርቦቱም የራሱ ምክንያት አለው። በደቡብ ኦሞ መንደሮች ወተት፣ ውኃና የቡና ገለባ መጠጥ ሲያዝበት የኖረውን ቅል ቢጫው ጀሪካንና የፕላስቲክ ጆግ ከቤት እያስወጡት ነው። አንዲት እናት ሲያስረዱኝ "ቅል ይሰነጠቃል፣ መስፋት አለብኝ። ጀሪካን ግን ቢወድቅም አይሰበርም" አሉ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ ተተኪ ዕቃ ይባላል። ተተኪው ሲገባ የተተካው ትርፍ ይሆናል፣ ትርፍ የሆነው ደግሞ ለሽያጭ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደስተኛ ነው፤ ሴትዮዋ ብር አገኙ፣ የቢሾፍቱው ሰውዬም ግድግዳውን አስጌጠ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

የእኔው ኪሳራ

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። "ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" ይባላል። እኔም ዕቃ አዋቂ መስዬ፣ ስሙን ከማልጠራው ሻጭ አንዲት "የአያት ቅድመ አያት" የተባለች ቦርኮቶ ገዛሁ። ጠቆር ያለች፣ የምታብለጨልጭ፣ ጭስ ጭስ የምትሸት ነበረች። አዲስ አበባ ስደርስ ነጭ ሸሚዜ ጥቀርሻ ሆኗል። ዕቃዋ ያረጀችው ባለፈው ሳምንት፣ በእሳት ጭስና በቅባት ነበር።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ ነገር አስረድቷል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛውም ይኸው ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በአማካይ ዋጋ እውነተኛውን ዕቃ የሚሸጥ አይኖርም፤ ገበያው ለአስመሳዩ ይቀራል። ጂንካና ቱርሚ መንገድ ዳር ላይ እየሆነ ያለው ይኸው ነው። በእኛው አባባል "ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ" ነው።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ለአንባቢ በነጻ ልስጥ። በእውነት ያገለገለ ዱካ እኩል አይጠቁርም። መቀመጫው ሰው የተቀመጠበትን ያህል ይለሰልሳል፤ የእግሩ ጠርዝ መሬት እየነካ ይዶለዱማል፤ የቆዳ ማንጠልጠያ ካለው እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ ይሳሳል። እጅ በማይደርስበት ስርጉድ ውስጥ ግን እንጨቱ ጥሬ መልኩን ይዞ ይቆያል። ጓዳ ጎድጓዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ከሆነ፣ ያጠቆረው ዘመን ሳይሆን ጭስ ነው። ቅልም እንደዚሁ ነው። ስንጥቁ በቆዳ ወይም በጅማት የተሰፋ ቅል ባለቤቱ ሊጥለው ያልፈለገው ቅል ነው። አዲስ ቅል ሰንጥቆ የሚሰፋ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ይህን ካነበበ በኋላ ግን ሊኖር ይችላል።

ሒሳቡ ሲሠራ

"ትርፉስ?" ለሚል ነጋዴ የስሌት ምሳሌ እናቅርብ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው። 10 አሮጌ ዕቃዎች እያንዳንዳቸው በ500 ብር ተገዙ እንበል፤ አዲስ አበባ ላይ አንዱ 3,000 ብር ያወጣል። በወረቀት ላይ ትርፉ 25,000 ብር ነው። ነገር ግን ከጂንካ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአይሱዙው ጭነት፣ ለሰብሳቢውና ለደላላው 3,000 ብር ወጣ። ከደረቅ ቆላ ወደ ደጋ ክረምት የገባው እንጨት ሦስቱ ላይ ተሰነጠቀ ወይም ነቀዝ ወጣበት። ሁለቱን ገዢ "አዲስ ነው" ብሎ መለሳቸው። የተሸጡት አምስት ናቸው፤ ገቢው 15,000፣ ወጪው 8,000፣ ትርፉ 7,000 ብር። የሱቅ ኪራዩና ገንዘቡ ታስሮ የቆየበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ሎጅ "ይህን ወድጄዋለሁ፣ 40 አምጣልኝ" ቢልህ ከየት ታመጣለህ? አሮጌ ዕቃ በትእዛዝ አይመረትም። ንግዱ በደራ ቁጥር ሸቀጡ ያልቃል። ሸቀጡ ሲያልቅ ደግሞ ሰብሳቢው ትርፍ የሆነውን ትቶ ትርፍ ያልሆነውን መጠየቅ ይጀምራል። በሐመር የመጀመሪያ ሚስት ብቻ የምታጠልቀው የአንገት ቀለበት አለ። የጋብቻ ምልክት እንጂ ጌጥ ብቻ አይደለም። ይህን ለግድግዳ የሚጠይቅ ሰው የቤት ዕቃ ሳይሆን የትዳር ማስረጃ እየጠየቀ ነው።

የሚሸጠውስ መቼ ነው የሚሸጠው? ጥጋብ ላይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ወረዳ ብዙ ሺህ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ድርቅ ደግሞ የአርብቶ አደሩን ከብት ጨርሷል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ለመሸጥ የሚቀረው በእጁ ያለው ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተገኘ "ርካሽ ዋጋ" የገበያ ዋጋ ሊባል አይችልም። ገዢው ይህን አውቆ ቢገባበት ይሻላል።

ሕጉና የጎረቤት ትምህርት

ሌላው ጉዳይ ሕግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። ጉዳዩን የሚከታተለው ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ነው። ለውጭ ደንበኛ ወይም ለዲያስፖራ ዘመድ የሚልክ ነጋዴ ዕቃውን ቦሌ ላይ ከማስወረሱ በፊት ባለሥልጣኑን አስቀድሞ ቢጠይቅ ገንዘቡን ያተርፋል።

ወደ ጂንካ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በኮንሶ ነው። ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸውና ለታላላቆቻቸው መቃብር የሚያቆሙት ዋካ የተባለው የእንጨት ሐውልት ሌቦች እየነቀሉ ለሰብሳቢ ሸጠውታል። ካራት ከተማ የሚገኘው የኮንሶ ሙዚየም ከዘረፋ የተረፉትንና ከሌቦች እጅ የተመለሱትን ዋካዎች ይዟል። በኬንያ ጠረፍም ሚጂኬንዳዎች ቪጋንጎ የሚሏቸው የመታሰቢያ እንጨቶች በዚሁ ዓይነት አሜሪካ ገብተው ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የዴንቨር የተፈጥሮና ሳይንስ ሙዚየም 30 ቪጋንጎ ለመመለስ ወስኗል። በሕጋዊ ደረሰኝ የተገዛ መሆኑ ብቻ ዕቃውን ከጥያቄ አላዳነውም። ለሎጅ ባለቤት ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዛሬ የምትኮራበት ግድግዳ ነገ ሊያሳፍርህ ይችላል።

ታዲያ ገንዘቡ የት ነው?

ይህን ሁሉ ያልኩት ገበያውን ለመዝጋት አይደለም። ገንዘቡ ያለው በሁለት ሌሎች ቦታዎች ነው።

አንደኛው አዲስ በሚሠራው ላይ ነው። በአሪ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶችና ብረት የሚቀጠቅጡ ወንዶች አሉ። ማና የሚባሉት እነዚህ ባለሙያዎች ከገበሬው ወገን ጋር ሳይጋቡ፣ ተገልለው ኖረዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ፕሎስ ጄኔቲክስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የአሪ ቀጥቃጮችና ገበሬዎች በዘር ምንጫቸው አንድ እንደሆኑ፣ ልዩነቱን የፈጠረው መገለሉ እንደሆነ አሳይቷል። ለነጋዴው የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፤ እጃቸው ላይ ያለው ሙያ ያልተሠራበት ካፒታል ነው። 40 እኩል እንስራ፣ 40 የበር እጀታ፣ 40 የመብራት ማቀፊያ ቢታዘዙ ይሠራሉ፤ ቢሰበር ይተካል፤ ደረሰኝ ይቆረጣል። ዱካ ጠራቢውም እንዲሁ ነው። "አዲስ ነው፣ የሠራው እገሌ ነው" ብሎ መሸጥ "የቅድመ አያት ነው" ብሎ ከመዋሸት ይልቅ ደንበኛ ያቆያል። ሞዴል የፈለገ ጂንካ ኮረብታ ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ይጎብኝ። ዋናው ዕቃ እዚያ ይቀመጥ፣ ቅጂው ይሸጥ።

ሁለተኛው ያለ ጥርጥር ትርፍ የሆነው ቁሳቁስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከሌሎች ሠፈሮች ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከፈረሰ ቤት የወጣ የጽድ ምሰሶ፣ የቆየ ጣውላ በር፣ የብረት መስኮትና የአጥር ፍርግርግ ባለቤት ኖሮት የሚሸጥ፣ ማንንም የማያስቀይም ዕቃ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የማይገኝ የለም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦና ቁልፍ ሰብስቦ በዓለም የታወቀ ሥራ ሠርቶበታል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ መካኒሳ አካባቢ የመሠረተው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ ጭቃና ጭድ ምን ያህል ሊያምር እንደሚችል ያሳያል። የእረፍት ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛውን ከመቅጠሩ በፊት ዞማን ቢያይ አይቆጭም።

ደቡብ ኦሞ ራሱ በዚህ ጉዳይ አስተማሪ ነው። የዳሰነች ሴቶች የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ሰብስበው የራስ ጌጥ ይሠራሉ። የቆላው እረኛ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ይጫማል። እነርሱ የእኛን ትርፍራፊ ወስደው ጌጥ ሲያደርጉ እኛ የእነርሱን ትራስ ከራሳቸው ሥር እየሳብን ጌጥ ማድረጋችን የሚያኮራ አይደለም።

ወደ ጂንካው ሽማግሌ ልመለስ። የአዲስ አበባው ሰው ዋጋውን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጨመረ። ሽማግሌው በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁ፤ አብሯቸው የነበረ ወጣት ተረጎመው። "ከሸጥኩልህ በኋላ ማታ በምን እተኛለሁ?"

ሰውዬው መልስ አልነበረውም። ወጣቱ ግን ነበረው። "የሚጠርብ ሰው አለ" አለ ለገዢው በአማርኛ። "ልክህን ንገረውና በሚቀጥለው ቅዳሜ ና።"

ሰውዬው ልኩን በእጁ አሳየ፣ ቀብድ ከፈለ፣ ሽማግሌው ቦርኮቷቸውን በማንጠልጠያዋ ይዘው ወደ ፍየሉ ገበያ ሄዱ። በዚያን ዕለት ገበያ ካየኋቸው ውሎች ሁሉ ማንም ያልከሰረበት ይህ ነው።