ድንጋጤና የሴቶች ትዝታ

ወንድ የነገሩን ፍሬ ይይዛል፥ ሴት ግን ጥቃቅኑን ታስታውሳለች ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ይህን የተፈጥሮ ዕጣ ነው ብለን ከመቀበላችን በፊት የሊቃውንቱን ምርመራ ብንመለከት ይበጃል።

ሰው ሲደነግጥ ከኵላሊት በላይ ከተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖች ወደ ደም ይገባሉ። በአንጎልም ውስጥ አሚግዳላ የምትባለው ትንሽ ክፍል ነቅታ፥ የሆነው ነገር በትዝታ ጠልቆ እንዲቀረጽ ታደርጋለች። ያለፈውን ሳምንት ምሳችንን ረስተን፥ ከብዙ ዓመት በፊት የሰማነውን መርዶ የማንረሳው ስለዚህ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በአርቫይን ከተማ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ላሪ ካሂልና ጓደኞቻቸው የአድሬናሊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ለሰዎች ሰጥተው፥ መኪና ስለ ገጨው ልጅ የሚተርክ ታሪክ በሥዕል አሳዩአቸው። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ፥ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ይልቅ አሳዛኙ ክፍል ደብዝዞባቸው ተገኘ።

እኛን ይበልጥ ያስገረመን ግን ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2011 የወጣው ጥናት ነው። አሳዛኝ ታሪክ ለሁለት ወገን ሴቶች ታየ፤ አንደኞቹ ሆርሞን ያለበትን የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ፥ ሁለተኞቹ የማይወስዱ ነበሩ። የታሪኩ አስደንጋጭነት ለማይወስዱት ጥቃቅኑን፥ ለሚወስዱት ግን ዋናውን ፍሬ ነገር አጥብቆላቸው ተገኘ። ታዲያ የሴት ጠባይ የሚባለው የቱ ነው?

ነገሩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የተጠቃች ሴት ቀርባ ስታመለክት፥ የአጥቂውን ሸሚዝ ቀለም እየተናገረች የነገሩን ዋና አካሄድ ብታደናግር፥ ወይም ዋናውን ይዛ ቀለሙን ብትረሳ፥ ቃሏን ሐሰት ብሎ መዝገብ መዝጋት ለእኛ ለወጣት ሹማምንት እጅግ ይቀልለናል።

ኪኒኑን የሚወስዱ እኅቶቻችን ግን በዚህ ወሬ አይደንግጡ፤ መርማሪዎቹ ያዩት የትዝታው ዓይነት መለወጡን እንጂ መጥፋቱን አይደለም።