የውሻዎ አፍ ሸተተ? አጥንት ወግቶት ላይሆን ይችላል

ባለፈው ቅዳሜ ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ካለ ግቢ ተደወለልኝ። «ዶክተርዬ፣ ቡቺን አጥንት ወግቶት አልበላ ብሏል። አፉ ይሸታል፣ ለሃጩም ደም አለው» አሉኝ እማማ። ከሁለት ወር በፊት ድዱ ላይ ሽምብራ የምታክል እብጠት አይተው ነበር። እኔ ስደርስ ሎሚ አክላለች።

እጄን ግን ወዲያው አፉ ውስጥ አልከተትኩም። ለሃጩን የሚያዝረከርክና መዋጥ ያቃተው ውሻ በእኛ አገር መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። መከተቡን፣ ጠባዩ መለወጡን፣ ውሃ መዋጡን ጠየቅኩ። እናንተም «አጥንቱን ላውጣለት» ብላችሁ እጃችሁን እንዳትከቱ! ለሃጩ ቁስል ከነካችሁ 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ታጥባችሁ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ወደ እብጠቱ ልመለስ። ውሻ አፍ ውስጥ ያበጠ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ቡችሎች አፍ ላይ የሚወጣው ኪንታሮት ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በመላላስና በመሻተት ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ዕጢም አለ (አዎ፣ የካንሰሩ ሴል ራሱ ነው የሚተላለፈው!)። እሱን በየሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ያድነዋል።

ክፉው ሜላኖማ ነው። ሁሌ ጥቁር አይደለም፣ ሮዝ ሆኖም ይመጣል። ካልታከመ ውሻው በአማካይ 2 ወር ገደማ ነው የሚቆየው። 2 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ፣ ዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር በቀዶ ጥገና ከወጣ ግን ወደ ዓመት ተኩል ይጠጋል። ከድድ የሚነሳው ስኩዌመስ ሴል ካንሰር ደግሞ ከመንጋጋው ቁራጭ ጋር በጊዜ ከወጣ ብዙዎቹ ከዓመት በላይ ይኖራሉ። ውሻ በከፊል መንጋጋ ይበላል ስል ሰው አያምነኝም፤ ይበላል።

የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም፣ በፎቶማ ጭራሽ። ቡቺን አስተኝቼ ናሙና ወሰድኩ፤ ከአገጩ ሥር ያለውን ንፍፊትም በመርፌ ቀዳሁ፤ የሳንባ ራጅም አዘዝኩ።

«በጨው ባጥበው ኖሮ?» አሉኝ እማማ። «ሽምብራ እያለች ቢደውሉልኝ ኖሮ» ልል አፌ ላይ መጣ፤ ተውኩት። ውጤቱ እስኪመጣ የውሻ ማስታገሻ ሰጥቼዋለሁ (የሰው አይቡፕሮፌን ሊገድለው ይችላል)። ለስለስ ያለ ፍትፍት ይብላ፣ ሽንኩርት ግን አይግባበት አልኳቸው።

«ሽንኩርት የሌለውማ ምኑን ፍትፍት ሆነ?» ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ።