የማያልቅ መጽሐፍ፣ የማያልቅ ወረፋ

ጠጋ በሉማ። የምሠራው አሜሪካ፣ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንጀራዬን እወደዋለሁ። ከፊት ለፊት ስታዩን መነጽር ያጠለቅን፣ ለመጣው ሁሉ ፈገግ የምንል ጨዋ ሰዎች ነን። ከጀርባ ግን... ቆይ፣ ከእማማ ልጀምር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ሐኪምና ደራሲ አብርሃም ቨርጌዝ የጻፈውን «ከቲንግ ፎር ስቶን» ማንበብ አምሯቸዋል፤ ታሪኩ እዚያው አዲስ አበባ፣ አንድ የሚሲዮን ሆስፒታል ውስጥ ነውና እንደ ሠፈራቸው ወሬ ነው የጓጉለት። የልጅ ልጃቸው የቤተ መጻሕፍት ኢ-ቡክ በስልክ የሚያዋሰውን፣ ሊቢ የሚባለውን አፕ ጭናላቸዋለች። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው አዩኝ።

«ዘጠነኛ ነሽ ይለኛል።»

«አዎ እማማ፣ ወረፋ አለው።»

«የምን ወረፋ? ስልክ ውስጥ ያለ ነገር ያልቃል እንዴ? የቀበሌ ስኳር አደረጋችሁት?»

እንደለመድኩት ፈገግ ብዬ «ይደርስዎታል» አልኳቸው። እሳቸውም አላመኑኝ፣ እኔም ራሴን አላመንኩት።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። ወረፋው ሰው ሠራሽ ነው። ያንን ፋይል በአንድ ሌሊት ለከተማው ሕዝብ በሙሉ ብንልከው ማሽኑ ላብ አይወጣውም። የያዘን ማሽኑ ሳይሆን ከአሳታሚዎቹ ጋር ያለን ውል ነው። አንድ ቅጂ ከወሰዳችሁ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ታውሳላችሁ ይላል፤ ልክ እንደ ወረቀቱ። እሺ፣ እንደ ወረቀቱ ከሆነ በሁሉም ነገር እንደ ወረቀቱ ይሁን አልን። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚጣፍጠው። ኢ-ቡክ ሲከለክሉን ወረቀት ነው፣ ሲያስከፍሉን ኤሌክትሪክ ነው።

የወረቀት መጽሐፍ ስንገዛ የእኛ ነው፣ በቃ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908 ዓ.ም. (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አንድ መጽሐፍ አንዴ ከተሸጠ በኋላ አሳታሚው ገዢውን እየተከተለ ዋጋ ሊተምንለት እንደማይችል ወስኗል። የማዋስ ሥራችን የቆመው ከዚያ በተተከለው ምሰሶ ላይ ነው፤ የገዛነውን ብናውስ፣ ብንሸጥ፣ በር ማስደገፊያ ብናደርገው የሚጠይቀን የለም። ኢ-ቡክ ላይ ግን «መግዛት» የሚለው ቃል ለወጉ ነው። አንገዛም። እንከራያለን።

ኪራዩን ልንገራችሁ? እናንተ 15 ዶላር ገደማ ከፍላችሁ ስልካችሁ ላይ የምትጭኑትን አዲስ ልብ ወለድ እኛ 55፣ 60፣ አንዳንዴም 65 ዶላር እናወጣበታለን። ለዘላለም እንዳይመስላችሁ፤ ለሁለት ዓመት። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ መጽሐፉ ድራሹ ይጠፋል። ከፈለጋችሁት እንደገና ክፈሉ።

በየወሩ መጀመሪያ የምከፍተው ዝርዝር አለ። በአንድ በኩል ርዕሱ፣ በመሐል ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን፣ በስተቀኝ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው። አንዷ ባልደረባዬ «የተዝካር መዝገብ» ትለዋለች። ቡናችንን ይዘን እንቀመጥና «ይሄ ይታደስ፣ ይሄ ይለፍ» እያልን እንፈርዳለን። ብዙ ሰው የተሰለፈበት የወንጀል ልብ ወለድ ይታደሳል። ስድስት ሰው ያነበበው ግጥም፣ ጥሩ ቢሆንም፣ ይታለፋል። ወረቀት ቢሆን ኖሮ አንዱ ጥግ አቧራ ለብሶ፣ አንድ ቀን አንድ ልጅ እስኪያገኘው ይቀመጥ ነበር። እዚህ ግን ጥግ የሚባል ነገር የለም። አያቴ ይህንን ብታይ «ጭሰኛ ሆናችኋላ!» ትለን ነበር። አልተሳሳተችም፤ እናርሳለን፣ እንኮተኩታለን፣ መሬቱ ግን የባላባቱ ነው።

እንዲህ ዓይነት ውል ከየት መጣ? በ2011 ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ አንድ ኢ-ቡክ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ፈቃዱ ያበቃል አለ። ለምን 26? በሁለት ሳምንት ውሰት ብታባዙት የአንድ ዓመት ሥራ ነው። የወረቀት መጽሐፍም እኮ ያረጃል፣ ይቀደዳል፣ ስለዚህ ዲጂታሉም ይርጅ ነው ነገሩ። ኦክላሆማ ያሉ ላይብረሪያኖች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከ26 ጊዜ በላይ የተዋሱ የዚያኑ አሳታሚ የወረቀት መጻሕፍት ከመደርደሪያ አውጥተው፣ ካሜራ ፊት አገላብጠው፣ «እዩት፣ ምን ሆነ?» አሉ። መጻሕፍቱ ደህና ነበሩ። እኛ ሙያ ውስጥ ቁጣ የሚገለጸው እንዲህ ነው፤ ጮክ ብለን አንናገርም፣ ማስረጃ እናወጣለን።

ከዚያ ሌላው አሳታሚ ማክሚላን በ2019 ብሶ መጣ። ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ መጽሐፍ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት አንድ የቤተ መጻሕፍት ድርጅት፣ ሚሊዮን ሰውም ቢያገለግል፣ የሚያገኘው አንድ ቅጂ ብቻ ይሆናል ተባለ። ለአንድ ከተማ አንድ! በሲያትል ዙሪያ ያለው የኪንግ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት (የሀገራችን ሰው በብዛት የሚኖርበት አካባቢ ነው) የማክሚላንን አዲስ ኢ-ቡክ አልገዛም ብሎ አደመ። ሌሎችም ተከተሉ። መጋቢት 2020 ኮሮና በሩን ሁሉ ሲያስዘጋ ማክሚላን ውሳኔውን በጸጥታ ሻረው። አድማው ነው ወይስ ወረርሽኙ ያሸነፈው? እኛ ቤት ዛሬም ምሳ ላይ ያከራክራል። እኔ ሁለቱም ባይ ነኝ።

ቆይ፣ አሳታሚዎቹን ብቻ እንዳማሁ እንዳይመስላችሁ። እነሱም የሚሉት አላቸው፣ ሞኝነትም አይደለም። ድሮ መጽሐፍ ለመዋስ ዝናብ እየመታችሁ፣ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ፣ ለመመለስም እንደገና መጥታችሁ ነበር። ያ ጣጣ ራሱ ብዙውን ሰው ወደ መጽሐፍ መደብር ይመራው ነበር። አሁን አልጋ ላይ ተኝታችሁ በአውራ ጣት የምትዋሱት ከሆነ ማን ይገዛል? ደራሲውስ በምን ይኖራል? በቴሌግራም የተበተነ የአማርኛ ልብ ወለድ ፒዲኤፍ አውርዶ የማያውቅ እጁን ያውጣ! የደራሲውን ፊት ግን ስንቶቻችን አስበነዋል? እኔም አውርጃለሁ። ደራሲው የሠፈሬ ልጅ ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ሐሜት።

ኢንተርኔት አርካይቭን ሰምታችኋል። ብሩስተር ኬል በ1996 የመሠረተው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነጭ ዓምድ ያለው የድሮ ቤተ ክርስቲያን ገዝቶ የተቀመጠ ድርጅት ነው። አዳራሹ ውስጥ የምእመናኑ ወንበሮች አሁንም አሉ፤ ዳር ዳሩን ትንንሽ የሸክላ ሰዎች ቆመዋል፣ የቆዩ ሠራተኞቹ ምስል ናቸው። እነዚህ ሰዎች ኪራይ አንከፍልም አሉ። የወረቀት መጽሐፍ ይገዛሉ ወይም በስጦታ ይቀበላሉ፣ ከዚያ አንድ ሰው በቪ ቅርጽ በተሠራ አልጋ ላይ ዘርግቶት ይቀመጣል። መስታወቱ ገጹን ይጫናል፣ ሁለት ካሜራዎች ግራና ቀኙን ያነሳሉ፣ በእግሩ ፔዳል ሲረግጥ መስታወቱ ይነሳል፣ በእጁ ገጹን ይገልጣል። ቀጭ፣ ረገጥ፣ ገለጥ። ቀኑን ሙሉ። ከዚያ ወረቀቱ መጋዘን ይገባል፣ ፎቶው በምትኩ ይዋሳል፤ አንድ ቅጂ ካላቸው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ብዙዎቻችን በልባችን አጨብጭበናል። አሳታሚዎቹም ለዓመታት እየተጉረመረሙ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ አይተው ዝም ብለው ነበር።

ከዚያ መጋቢት 24 ቀን 2020 መጣ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ቤተ መጻሕፍት ተዘግቷል። አርካይቩ «የአደጋ ጊዜ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት» ብሎ ወረፋውን አነሳው። 1.4 ሚሊዮን ገደማ መጻሕፍት፣ ስንትም ሰው በአንድ ጊዜ ይዋስ! እማማ ቢሆኑ «ጎሽ!» ይሉ ነበር። እኛ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለነው ግን ተያየን። «ወይኔ፣ ሰበብ ሰጣቸው።» አንድ ለአንድ የምትለዋ መከላከያ እኮ ነበረች አጥሩ። አጥሩን በገዛ እጅህ ካፈረስክ ጅቡን አትውቀስ።

ሰኔ 1 ቀን አሳታሚዎቹ ሃሼት፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ዋይሊና ፔንግዊን ራንደም ሃውስ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ደረሱ። አርካይቩ ደንግጦ በሁለት ሳምንት ገደማ ወረፋውን መለሰ፤ ምን ዋጋ አለው! ክሱ ደግሞ የአደጋ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ያቺን ቆንጆ ሐሳብ ራሷን ነበር የያዘው። ለናሙና የቀረቡት መጻሕፍት 127 ነበሩ። ዳኛ ጆን ኮልትል የፈረዱት መቼ ነው? መጋቢት 24 ቀን 2023። በሦስት ዓመቱ፣ ቀኑ ሳይዛነፍ! የወረቀት መጽሐፍ ባለቤት መሆን ፎቶውን እያነሱ ለማዋስ መብት አይሰጥም፣ የአሳታሚዎቹንም ገበያ ይነካል አሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መስከረም 4 ቀን 2024 አጸናው። ሥራው ለትርፍ አይደለም በሚለው እንኳ ከአርካይቩ ጋር ተስማምቶ ነበር፤ ፍርዱን ግን አላዳነውም። ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልሄዱም። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጡ።

በሕግ አውጪዎች በኩልም ተሞክሯል። ሜሪላንድ፣ አዎ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች፣ የእናንተው ሜሪላንድ፣ አሳታሚዎች ለቤተ መጻሕፍት ኢ-ቡክ በተመጣጣኝ ውል እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታ ነበር። በ2022 ዕድሜው ዓመት ሳይሞላ ፌዴራል ፍርድ ቤት ጣለው። የቅጂ መብት የፌዴራሉ ጉዳይ ነው፣ ክፍለ ግዛት አይግባበት ተባለ።

አንዲት ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ፣ ለማንም አትንገሩ ልል ነበር፣ ግን በአደባባይ የታወቀ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም እንጂ። ሊቢን የሚሠራው ኦቨርድራይቭ ነው፤ በእኛና በአሳታሚዎቹ መሐል ያለው ደላላ በሉት። በ2020 ኬኬአር የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ገዛው። ያው ኬኬአር በ2023 ሳይመን ኤንድ ሹስተርን፣ ከአምስቱ ታላላቅ አሳታሚዎች አንዱን፣ በ1.62 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሴራ ነው አላልኩም። ደላላውና አንዱ ባለቤት አንድ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ተከራዩ ቀና ብሎ ማየቱ ግን አይቀርም።

እሺ፣ እስከዚህ ለታገሣችሁኝ የጓዳውን ብልሃት ልስጣችሁ። ወረፋው ቢረዝምም ያዙ፤ መቶኛ ብትሆኑም ያዙ። ያንን ዝርዝር ስከፍት የማየው የተሰለፈውን ሰው ቁጥር ነው። ብዙ ከሆናችሁ ሌላ ቅጂ እንከራያለን። ተስፋ ቆርጦ የሄደ ሰው አይቆጠርልንም።

ሁፕላ የሚባለው ሌላ አፕ ደግሞ ወረፋ የለውም። ደስ አላችሁ? ለእያንዳንዱ ውሰት እኛ እንከፍላለን፣ ስለዚህ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የቀን ጣሪያ ያበጁለታል። ጣሪያው ሲነካ «ነገ ሞክሩ» ይላችኋል። ቆጣሪው የሚታደሰው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እንቅልፍ የሌላችሁ ታድላችኋል።

የተዋሳችሁትን ኪንድል ላይ አድርጋችሁ ዋይፋዩን ከዘጋችሁት ደግሞ ቀኑ ቢያልፍም መጽሐፉ ዓይናችሁ ሥር ይቆያል። ተረኛውን አትጎዱም፤ በእኛ በኩል ቀኑ ሲደርስ ተመላሽ ሆኗል። ይህንን ከእኔ አልሰማችሁም።

እማማስ? ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው መጡ፣ ተቆጥተው። ተራቸው ደርሶ ኖሯል። ግን በሕማማት! ለመውሰድ የተሰጣቸው ሦስት ቀን ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስግደት ላይ ነበሩ። «ሕማማት ላይ ስልክ ከፍቼ ልብ ወለድ ላነብ ነው?» አሉኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

ወንበሬን አስጠግቼ አንዲት ቁልፍ አሳየኋቸው። ተራ ሲደርስ «በኋላ ይምጣልኝ» የምትል ምርጫ አለች፤ ቀን ትሰጧታላችሁ፣ ከኋላ ያለው ሰው ያልፋል፣ ቀኑ ሲደርስ እናንተ ከፊት ናችሁ። አንድ ጊዜ አሳየኋቸው፣ ሁለተኛ ጊዜ ራሳቸው ነኩት። ከዚያ ስልኩን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉና ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ከእኔም በላይ ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ይሄንን ለማኅበር ጓደኞቼ ልንገራቸው ወይስ ይቀድሙኛል?»