በጥንት ዘመን ስለ ነበረው ስለ ፈረስ አገልግሎት

ልጆች ሆይ፥ ፈረስ ለሰው መገዛት የጀመረው ከውሻ፥ ከበግና ከላም እጅግ ዘግይቶ ነው። የዛሬዎቹ ፈረሶች አባቶች ከ4 ሺህ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ዘመን፥ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ምሥራቅ ቮልጋና ዶን በሚባሉት ወንዞች አጠገብ ካለው ሰፊ የሣር ሜዳ ተነሥተው ወደ ልዩ ልዩ አገር እንደ ተበተኑ፥ ሊቃውንት የጥንት አጥንቶችን መርምረው አስረድተዋል። በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል ይኖሩ የነበሩት ሱመራውያን አስቀድመው ሸክማቸውን የሚጭኑት በአህያ ነበረ። ስለዚህ ይህ አዲስ እንስሳ ከተራራው አገር ሲመጣላቸው «የተራራ አህያ» ብለው ስም አወጡለት። ፈረስ በዚህ ስም ቅር ያልተሰኘ እንደ ሆነ፥ ቋንቋቸውን ባለማወቁ ነው።

ስለ ጥንት ዘመን ስናስብ ፈረስ በየሰዉ ደጅ ታስሮ ይቆም የነበረ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንደዚህ አልነበረም። እርሻውን የሚያርሰው በሬ፥ ሸክሙን የሚሸከመው አህያና በቅሎ ነበረ። ፈረስ ሣር ብቻ በልቶ በሥራ ሊበረታ አይችልም፤ ገብስ ይሻል፥ ጠባቂም ይሻል። አህያ ገለባና እሾህ በልቶ በሚያድርበት ቦታ ፈረስ ይከሳል። እንግዲህ ልጆቹን ለማብላት የሚጨነቅ ድኻ ገበሬ ለፈረስ ገብስ ከወዴት ያመጣል? ስለዚህ ፈረስ የሚያኖረው ንጉሥ ወይም ባለጸጋ ነበረ። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈ፥ በሰሎሞን ዘመን ከግብጽ የሚመጣ አንድ ፈረስ በ150፥ አንድ ሠረገላ በ600 ብር ይገዛ ነበረ። በአቴና ከተማም ሶሎን የሚባለው ሕግ ሠሪ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ዓመት ሕዝቡን እንደ ሀብቱ መጠን በ4 ክፍል ሲለይ፥ ሁለተኛው ክፍል «ፈረሰኞች» ተባለ። የግሪክ ባለጸጎች ለልጆቻቸው ስም ሲያወጡ እንኳ ፈረስን ማግባት ይወዱ ነበረ። ከእናንተ መካከል ፊልጶስ የሚባል ልጅ ቢኖር፥ ስሙ በግሪክ ቋንቋ «ፈረስ ወዳጅ» ማለት እንደ ሆነ ይወቅ።

ይህን ያህል ዋጋ ያለው እንስሳ በዘፈቀደ አይያዝም። በመጀመሪያው ዘመን ፈረስ ለጦርነት ሲወጣ ሠረገላ ይስብ ነበረ፤ በጀርባው ተቀምጦ መዋጋት የተለመደው ኋላ ነው። ዛሬ በቱርክ አገር ባለችው በኬጢያውያን ከተማ በሐቱሳ መሬት ሲቈፈር፥ ኪኩሊ የሚባል የሚታኒ አገር ባልደራስ ትምህርት የተጻፈባቸው የሸክላ ጽላቶች ተገኝተዋል። ከተጻፉ ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በእነዚህ ጽላቶች የሠረገላ ፈረስ በዚህ ቀን ይህን ያህል ይሩጥ፥ በዚህ ጊዜ ይታጠብ፥ ይህን ያህል ገብስ ይብላ እየተባለ፥ ከ6 ወር የሚበልጥ ሥርዓት ቀን በቀን ተዘርዝሯል።

ፈረስ ከጦርነት ሌላ የንጉሥን ቃል ያደርስ ነበረ። የፋርስ ነገሥታት ከሰርዴስ እስከ ሱሳ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ መንገድ ነበራቸው። ሄሮዶቱስ የሚባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፥ በዚህ መንገድ 111 ማረፊያዎች ነበሩበት፤ እግረኛም መንገዱን የሚጨርሰው በ90 ቀን ነበረ። የንጉሥ መልእክት ግን እንደ እግረኛ አያዘግምም። አንዱ ፈረሰኛ ደብዳቤውን ተቀብሎ ይጋልባል፤ ፈረሱ ሳይደክም ወደሚቀጥለው ስፍራ ይደርሳል፤ በዚያም ሌላ ሰውና ሌላ ፈረስ ተዘጋጅተው ስለሚቆዩት፥ ደብዳቤው ሳያርፍ ይሄዳል።

ፈረሰኛው የሚቀመጠው እናንተ እንደምታውቁት ባለ ኮርቻ አልነበረም። በግሪኮች ዘመን እርካብ አልነበረም፤ ፈረሰኛው በባዶ ጀርባ ወይም በግላስ ላይ ተቀምጦ በጭኑ ብቻ ይይዝ ነበረ። ወደ ፈረሱም የሚወጣው ጋማውን ይዞ ወይም በጦሩ ተመርኵዞ ዘሎ ነበረ። ኮቴው ላይ በሚስማር የሚመታው ብረትም ገና አልተሠራም ነበረ።

በዚህ ዘመን ክሴኖፎን የሚባል የአቴና ሰው ነበረ። እርሱ በጦርነት ፈረሰኛ ሆኖ ያገለገለ ስለ ሆነ፥ ስለ ፈረስ አያያዝ መጽሐፍ ጻፈ። የፈረሱ በረት ጌታው ዘወትር በሚያይበት ስፍራ ይሠራ፤ የፈረስ መኖ እንዳይሰረቅ መጠበቅ የጌታን ጎተራ እንደ መጠበቅ ይቈጠር ይላል። ኮቴው እንዲጠነክርም በበረቱ ደጅ፥ እያንዳንዱ እጅ የሚሞላ ድቡልቡል ድንጋይ አራት ወይም አምስት ጋሪ ሙሉ አፍስሶ ፈረሱን በዚያ ላይ ማቆም ይገባል ይላል። ከምክሩ ሁሉ የሚበልጠው ግን፥ ሰው ተቈጥቶ ወደ ፈረሱ እንዳይቀርብ የሰጠው ትእዛዝ ነው። ፈረስ አንድ ነገር አይቶ ቢደነግጥ ብዙ ሰዎች ይገርፉታል። ክሴኖፎን ግን ይህን ይከለክላል፤ የተገረፈው ፈረስ ሕመሙ ከዚያ ካስደነገጠው ነገር የመጣ ስለሚመስለው፥ ሁለተኛ ሲያየው ይልቁን ይፈራልና። ይልቅስ ጌታው አስቀድሞ ያን ነገር በእጁ ይንካው፤ ከዚያም ፈረሱን ቀስ አድርጎ ያቅርበው ይላል። ይህ ቃል ከተጻፈ 2,300 ዓመት አልፏል፤ ዛሬም በገበያ ቀን መንገድ ዳር ብትቆሙ፥ ያልሰሙት ብዙ እንደ ሆኑ ታያላችሁ።

እንግዲህ ፈረስ በሰው ጠብ ምክንያት ምን እንደሚያገኘው አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ728 ዓመት ገደማ ፒዬ የሚባል የኩሽ ንጉሥ፥ ዛሬ ሱዳን ከምትባለው አገር ተነሥቶ በዓባይ ወንዝ ቍልቍል ወርዶ ግብጽን ወጋ። ናምሎት የሚባለው ንጉሥ በሄርሞፖሊስ ከተማ ውስጥ ተከበበ፤ በመጨረሻም ራቡ ሲጸናበት እጁን ሰጠ። ፒዬ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ ግምጃ ቤቱንና ጎተራውን አየ። ከዚህ በኋላ ወደ ፈረሶቹ በረት ሄደ፤ ፈረሶቹንም ተርበው አገኛቸው። በዚህ ጊዜ እጅግ አዘነ፤ ናምሎት ከሠራው በደል ሁሉ ይልቅ ፈረሶቹን ማስራቡ እንደ ከበደበት በመሐላ ተናገረ። ይህ ሁሉ በታላቅ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1862 ዓ.ም. በሱዳን በገበል ባርካል ተራራ አጠገብ ተገኝቷል። ንጉሡ ለእንስሳ ማዘኑ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ከተማይቱን ከብቦ እህል እንዳይገባ የከለከለው የራሱ ጦር እንደ ነበረ በድንጋዩ ላይ በዚያ ስፍራ አላስታወሰም።

ፒዬና ዘመዶቹ በተቀበሩበት በኤል ኩሩ 24 ፈረሶች በ4 ረድፍ እንደ ቆሙ ተቀብረው ተገኝተዋል። የብርና የዶቃ ጌጥ ነበራቸው። ለፈረስ እንዲህ ያለ መቃብር ታላቅ ክብር ነው ይባላል፤ ፈረሱ ግን ቢጠየቅ ሜዳውን በመረጠ ነበረ።

በሮማውያን ዘመን ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ የሚወደው የሠረገላ እሽቅድምድም ነበረ። የሚያሸንፍ ፈረስ ስሙ በከተማው ሁሉ ይጠራ ነበረ። ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር አንድ ባለጸጋ የፈረሶቹን መልክ ከነስማቸው፥ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በትናንሽ ድንጋዮች አሠርቶ ነበረ። ፖሊዶክሱስ በሚባለው ፈረስ አጠገብ፥ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ጌቶቹ እንደሚወዱት ተጽፏል።

እንደዚህ ያለ ጌታ ያገኘ ፈረስ ግን ብዙ አልነበረም። በግሪክ ቋንቋ ከተጻፉት አጫጭር ግጥሞች አንዱ ንስር ስለሚባል ፈረስ ይናገራል። ይህ ፈረስ በታላላቅ ውድድሮች አሸንፎ አክሊል የተቀበለ ነበረ፤ ሲያረጅ ግን ወፍጮ እንዲያዞር ተደረገ። ባለቅኔው ይህን ያለ ምክንያት አላሰበውም። በሮማውያን ከተሞች የዳቦ ጋጋሪው ወፍጮ እንደ ሰው ቁመት ያለ ድንጋይ ነበረ፤ አህያና በቅሎ፥ ያረጀም ፈረስ በእንጨት ተጠምደው ቀኑን ሙሉ ያዞሩት ነበረ። እንዳይፈዝዙም ዐይናቸው በጨርቅ ይሸፈን ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ79 ዓመተ ምሕረት ቬሱቪዮስ የሚባለው ተራራ እሳት ተፍቶ ፖምፔይ የምትባለውን ከተማ በአመድ ቀበራት። አመዱ ከተጠረገ በኋላ የጋጋሪዎቹ ወፍጮዎች በየቤታቸው እንደ ቆሙ ተገኙ፤ በዙሪያቸውም እንስሶቹ እየዞሩ ይረግጡት የነበረው የጥቍር ድንጋይ ንጣፍ እስከ ዛሬ ይታያል።