ለታናናሽ የዓሣ ጀልባዎች ስለሚሆን መልሕቅ፥ ገመድና ሰንሰለት

ለዓሣ አስጋሪ ጀልባ ሲገዛ ስለ እንጨቱ፥ ስለ ሞተሩና ስለ መረቡ ብዙ ምክር ይደረጋል፤ ስለ መልሕቁ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከዳር የተገኘ ድንጋይ በገመድ ታስሮ ይጨመርና ነገሩ አለቀ ይባላል። በጣና ጧት ጸጥ ብሎ የዋለው ውሃ ከቀትር በኋላ በነፋስ ይናወጣል፤ በዓባያና በጫሞም እንዲሁ ነው። በዚያን ጊዜ ሞተሩ ቢቆም ጀልባውን ከዓለት፥ ሰውንም ከሞት የሚጠብቀው መልሕቅ ነው። ስለዚህ ጀልባ የምታድሉና የምትፈቅዱ ሹማምንት፥ ጀልባም የምታከራዩ ባለቤቶች፥ የመልሕቅን አመራረጥ ልታውቁት ይገባል። የደንገል ታንኳ ቀላል ስለ ሆነ ወደ ዳር ይሳባል፤ ከዚህ በታች የተጻፈው ርዝመቱ 6 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ የእንጨት ወይም የብረት ጀልባ ነው።

መልሕቅ በክብደቱ ብቻ የሚይዝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን መልሕቅ እንደ ማረሻ ነው። ማረሻ ትልም የሚያወጣው ስለ ከበደ አይደለም፤ አፉ ወደ መሬት አዘንብሎ፥ ሞፈሩም ዝቅ ብሎ ሲሳብ ነው እንጂ። ሞፈሩ ወደ ላይ ከተነሣ ማረሻው ከትልሙ ይወጣል። እንዲሁም የመልሕቁ ገመድ አጥሮ ወደ ላይ ሲስብ መልሕቁ ከጭቃው ይነቀላል፤ ገመዱ ረዝሞ በአግድም ሲስብ ግን እየጠለቀ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሊቅ ጄፍሪ ቴይለር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. የማረሻ ቅርጽ ያለው መልሕቅ የሠራው ይህንኑ አስቦ ነው።

ድንጋይ ግን መሬት የሚወጋበት አፍ የለውም። ከዚህም በላይ ውሃ ክብደቱን ይቀንስበታል፤ በየብስ 30 ኪሎ የሚመዝን ጥቁር ድንጋይ በውሃ ውስጥ 20 ኪሎ ያህል ብቻ ይሆናል። ያው 30 ኪሎ ብረት ቢሆን 26 ኪሎ ያህል ይቀርለታል። ስለዚህ ድንጋይ መረብን ለማስጠም ይበቃል እንጂ በነፋስ ጊዜ ጀልባን ለማቆም አይታመንም።

የመልሕቁ ዓይነት እንደ ሐይቁ ወለል ይመረጣል። ጭቃና አሸዋ ለሆነ ወለል ማረሻ መሰሉ ወይም ሁለት ሰፋፊ የብረት ምላስ ያለው ይሻላል፤ ክብደቱም ከ5 እስከ 8 ኪሎ ቢሆን ይበቃል። ዓለት ለበዛበት ዳርቻ ባለአራት ጥርሱ ይሻላል፤ ይህንንም በአስኮም ሆነ በመርካቶ ያለ ብረት በያጅ ሊሠራው ይችላል። ዓለት ውስጥ ተቀርቅሮ እንዳይቀር በራሱ በኩል ሌላ ቀጭን ገመድ ታስሮ በተንሳፋፊ ነገር ላይ ይያዝ፤ በዚያ ሲሳብ በመጣበት ይመለሳል።

የገመዱ ርዝመት የሚቆጠረው እንዲህ ነው። የውሃው ጥልቀት ይለካል፤ በእርሱም ላይ ከውሃው እስከ ጀልባው ፊት ጫፍ ያለው ከፍታ ይጨመራል፤ ድምሩ በጸጥታ ጊዜ በ5፥ በነፋስ ጊዜ በ7 ይባዛል። ጥልቀቱ 8 ሜትር፥ ከፍታው 1 ሜትር ቢሆን፥ ለጸጥታ 45 ሜትር፥ ለነፋስ 63 ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። የዝዋይ ጥልቅ ስፍራ 9 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከሰንሰለቱ ጋራ 70 ሜትር ይበቃዋል። የጣና ጥልቅ ስፍራ ግን 14 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ 105 ሜትር ይፈልጋል።

ይህ ስሌት የማይሠራባቸው ሐይቆች ደግሞ አሉ። ከአዲስ አበባ በአስኮ በኩል ወጥቶ የአምቦን መንገድ የያዘ ሰው ገፈርሳን ካለፈ በኋላ ወደ ደንዲና ወደ ወንጪ ይደርሳል፤ እነዚህም በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ጥልቅ ሐይቆች ናቸው። የቢሾፍቱና የወሎው ሐይቅ ጥልቀትም ከ80 ሜትር ያልፋል። ለ80 ሜትር 400 ሜትር ገመድ ሊያስፈልግ ነው፤ ታናሽ ጀልባ ይህን አትሸከምም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሐይቅ ጀልባው ከዳር ሳይርቅ ይሥራ፤ ሲያድርም በዳር በተተከለ ጽኑ ችካል ይታሰር፤ ትርፍ መቅዘፊያም አይለየው።

ሰንሰለት በመልሕቁና በገመዱ መካከል ይገባል። ሥራውም ሁለት ነው፤ በክብደቱ የመልሕቁን ዘንግ ወደ ታች ይይዛል፥ ገመዱንም ከዓለት ፍግታ ያድናል። ርዝመቱ ከጀልባው ርዝመት አይነስ፤ ውፍረቱ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ይሁን።

ከገመድ ሁሉ 10 ወይም 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ናይሎን ይመረጣል፤ ማዕበል ሲመታው እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ይመለሳልና፥ መልሕቁን በድንገት አይነቅለውም። የቃጫ ገመድ በውሃ ይበሰብሳል። ርካሹ የፕላስቲክ ገመድ ይንሳፈፋልና የሌላ ጀልባ ሞተር ያጠመጥመዋል፤ ፀሐይም ቶሎ ያደክመዋል። ገመድ በተቋጠረበት ስፍራ ኃይሉ እስከ እኩሌታ ሊቀንስ ስለሚችል፥ ጫፉ በብረት ቀለበት ዙሪያ ተጎንጉኖ ከሰንሰለቱ ጋራ በባለብሎን ማያያዣ ይጋጠም፤ ብሎኑም እንዳይፈታ በሽቦ ይታሰር።

መልሕቅ ሁልጊዜ ከጀልባው ፊት ይጣላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 መርከበኞች አራት መልሕቅ ከኋላ እንደ ጣሉ ተጽፏል፤ ያ ግን 276 ሰው የያዘ ታላቅ መርከብ ነበረ። የታናሽ ጀልባ ኋላ ሞተር ተሸክሞ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፥ በዚያ በኩል ቢታሰር ማዕበል ገብቶ ያሰጥመዋል። በጣና ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀው እምቦጭ በነፋስ ተገፍቶ ሲመጣ በገመዱ ላይ ተከምሮ መልሕቁን ሊነቅል ስለሚችል፥ ከአረሙ በታች በነፋሱ አቅጣጫ መቆም አይገባም።

እንግዲህ ጀልባ ከመፈቀዱ በፊት አራት ነገር ይመርመር፤ መልሕቁ ለወለሉ የሚስማማ መሆኑ፥ ሰንሰለቱ መኖሩ፥ ገመዱ በሜትር ተለክቶ መብቃቱ፥ የገመዱም ጫፍ ከጀልባው ጋራ በጽኑ መታሰሩ። የዚህ ሁሉ ዋጋ ከጀልባውና ከሞተሩ ዋጋ ጋራ ሲተያይ ጥቂት ነው። የጎደለ እንደ ሆነ ግን ጀልባውም፥ ሞተሩም፥ ከሁሉ በላይ የቤተ ሰብ አባት የሆነው አስጋሪ አብረው ይጠፋሉ።