የሕፃናት ማቆያና ቅድመ አንደኛ ትምህርት፦ ወላጆች ምን አይተው ይምረጡ?

ጅጋ፦ በምዕራብ ጎጃም የበርበሬ ለቀማና የእህል አጨዳ በሚደራረቡበት ወቅት በየገጠሩ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ሕፃኑ ከማን ጋር ይዋል? እናትና አባት ማሳ ላይ ናቸው። አያት ካለች ሸክሙ የእርሷ ይሆናል። አያት ከሌለች እናት ሕፃኑን አዝላ ማሳ ትወርዳለች፤ ይህም ካልሆነ ለትምህርት የደረሰችው ታላቅ እህት ከትምህርት ገበታዋ ቀርታ ሕፃኑን ትይዛለች። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች ደግሞ ጥያቄው በሌላ መልኩ ይመጣል። መምህርቷ፣ ነርሷ፣ ጉልት የምትቸረችረዋ እናት፣ የቀን ሥራ የምትሠራዋ ሴት ከወሊድ ተነስታ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ልጇን ለማን ትስጥ?

ከጥያቄው ጋር ሁለት ትልልቅ ጉዳዮች ተያይዘዋል። አንደኛው የሕፃኑ ደኅንነት ነው። ጠባቂ በሌለበት ቤት የሚነድ ምድጃ፣ ክዳን የሌለው የውኃ ጉድጓድ፣ የተቀመጠ ፀረ ተባይ መድኃኒት አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ የሚያልፍ በመሆኑ የከባድ ተሽከርካሪዎች አደጋም ከደጃፍ ሩቅ አይደለም። ሁለተኛው የሕፃኑ ዕድገት ነው። የሰው ልጅ አንጎል በፍጥነት የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው የአንጎሉ መጠን ወደ አዋቂ ሰው አንጎል እጅግ የተጠጋ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ የሚያነጋግረውና የሚያጫውተው ሰው ያገኘ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩን መስማት፣ ተራ መጠበቅ፣ እርሳስ መያዝ አያስቸግረውም። ያላገኘው ደግሞ ትምህርቱን ገና ከመነሻው ወደኋላ ቀርቶ ይጀምራል።

ምን ዓይነት አማራጮች አሉ?

በአገራችን ሕፃናትን ከቤት ውጭ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። በጎጃም ምድር የቄስ ትምህርት ቤት ለዘመናት የሕፃናት የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል። ሕፃናት በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ፊደል ቆጥረዋል፤ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት ተሻግረዋል። ዛሬም በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ይህ አገልግሎት አለ። ልጁ ፊደል ለይቶ አንደኛ ክፍል እንዲገባ ያግዛል፤ ይሁንና ትኩረቱ ንባብ በመሆኑ ጨዋታውንና የአካል እንቅስቃሴውን ወላጅ በሌላ መንገድ ማሟላት ይኖርበታል።

በዘመናዊው ሥርዓት መንግሥት ጉዳዩን በተደራጀ መልኩ የያዘው በ2002 ዓ.ም. ነው። የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ባወጡት የቀዳማይ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ የወላጆች ትምህርት፣ የሕፃናት ጤና፣ የአፀደ ሕፃናት አገልግሎትና መደበኛ ያልሆነ የትምህርት ቤት ዝግጁነት ተካተዋል። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ኦ ክፍል ተከፈተ። ለገጠሩ ነዋሪ ቅርቡና ክፍያ የማይጠየቅበት አማራጭ ይኸው ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁለት ዓመት እንዲሆን ወስኗል።

ኦ ክፍል በቅርብ በሌለበት ቦታ የሚያገለግል ሌላም ዘዴ አለ፤ ሕፃን ለሕፃን ይባላል። በዚህ ዘዴ የአምስተኛ ወይም የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በመምህራቸው መሪነት የጎረቤት ሕፃናትን ሰብስበው በጨዋታ ቁጥር፣ ቀለምና ፊደል ያስተዋውቋቸዋል። አንደኛ ክፍል ሊገቡ ለደረሱ ልጆች በክረምት ወራት የሚሰጥ የተፋጠነ የዝግጁነት ትምህርትም በአገሪቱ በተለያዩ አካባቢዎች ተሞክሯል።

በከተሞች በግል ባለሀብቶች፣ በሃይማኖት ተቋማትና በማኅበራት የሚተዳደሩ አፀደ ሕፃናት አሉ፤ በተለምዶ ኬጂ ይባላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት ዕድሜያቸው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት የጀመሩ ልጆችን ነው። ከዚያ በታች ላሉ ጨቅላዎች የሚሆነው የሕፃናት የቀን ማቆያ ነው። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በአዲስ አበባም የከተማ አስተዳደሩ በጀመረው የቀዳማይ ልጅነት ዕድገት ፕሮግራም የቀን ማቆያዎች፣ የመጫወቻ ስፍራዎችና ቤት ለቤት የሚሰጥ የወላጆች ምክር ተስፋፍተዋል። በመለስተኛ ከተሞች ግን ብዙ እናቶች አሁንም የሚተማመኑት በዘመድ፣ በጎረቤትና በቤት ሠራተኛ ነው።

የዕድሜው ጉዳይ

ወላጅ አገልግሎት ከመፈለጉ በፊት ልጁ በዕድሜው ምን እንደሚያስፈልገው መለየት አለበት። እስከ ስድስት ወር ድረስ ሕፃኑ የእናት ጡት ብቻ መጥባት ይኖርበታል፤ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ጡት መጥባቱን ቢቀጥል ይመከራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ እናት የሚሰጠው ከክፍያ ጋር የሚታሰብ የወሊድ ፈቃድ 30 ቀናት ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀናት ከወሊድ በኋላ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ሲያልቅ ሕፃኑ ገና ጡት የሚጠባ ነው። ለዚህ ዕድሜ ከሁሉ የሚሻለው ማቆያ ለእናቲቱ ሥራ ቅርብ የሆነው ነው፤ በዕረፍት ሰዓቷ ደርሳ ማጥባት ትችላለችና።

ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለው ልጅ የሚፈልገው የማይለዋወጥ ተንከባካቢ፣ የሚያነጋግረው ሰውና በነፃነት የሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው። ደብተርና እርሳስ ለዚህ ዕድሜ አይደለም። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያለው ልጅ ደግሞ ከእኩዮቹ ጋር መጫወትን፣ ተረት መስማትን፣ መቁጠርን፣ መሳልንና ፊደልን ቀስ በቀስ መለየትን ይማራል። የጽሕፈት ሥራ ሲበዛበት ግን የጣቶቹ ጡንቻ ገና ስላልጠነከረ ይሰለቻል፤ ትምህርትንም መጥላት ይጀምራል።

ሄዶ ማየት

ማቆያ ወይም ኬጂ የሚመረጠው በስሙ፣ በደንብ ልብሱ ወይም በግድግዳው ሥዕል መሆን የለበትም። ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት ልጆቹ ባሉበት ሰዓት ሄዶ ቢያንስ ለግማሽ ቀን ቢመለከት ብዙ ነገር ይረዳል። ወላጅ እንዳይገባ የሚከለክል ተቋም ካለ ይህ ራሱ አንድ መልስ ነው።

በመጀመሪያ የሚታየው የተንከባካቢው ቁጥር ነው። በእንግሊዝ አገር ሕግ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሦስት ሕፃናት ቢያንስ አንድ ተንከባካቢ ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ አቅም ይህን ማሟላት ቢከብድም አንዲት ሞግዚት አሥርና ከዚያ በላይ ጨቅላዎችን ብቻዋን የምትይዝ ከሆነ እሳት ቢነሳ ወይም አንዱ ሕፃን ቢታነቅ ለሁሉም መድረስ እንደማትችል ማሰብ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ግቢው ነው። አጥሩ ሙሉ ነው? በሩ በሕፃን እጅ ይከፈታል? የውኃ ጉድጓዱ ተከድኗል? ማብሰያው ልጆቹ ከሚውሉበት ክፍል ተለይቷል? መጸዳጃ ቤቱ ለሕፃን እግር የሚመች ነው? ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ትንሽ ልጅ ብቻውን መላክ የለበትም። የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና አለ? ልጆቹ የሚተኙበት ፍራሽ ንጹሕ ነው? ትምህርት ቤቱ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ከሆነ ጠዋትና ማታ ልጁን የሚያሻግረው ማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለጅጋና ለፍኖተ ሰላም ነዋሪዎች በተለይ ሊታሰብበት ይገባል።

ሦስተኛው የውሎው ሁኔታ ነው። ጥሩ በሆነ ቦታ የልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ይሮጣሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይጠይቃሉ። ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በቃል የሚያነበንቡ ልጆች የሚታዩበት ቦታ ጸጥታው ቢያምርም አይመረጥም። የመጫወቻ ዕቃ በውድ የሚገዛ መሆን የለበትም። የቆርኪ መቁጠሪያ፣ የጨርቅ ኳስ፣ የጭቃ ቅርጻ ቅርጽ፣ ገበጣና ሰኞ ማክሰኞ ቁጥርን፣ ሚዛንንና ተራ መጠበቅን ያስተምራሉ። ቴሌቪዥን ከፍቶ ልጆችን ማስቀመጥ ግን ክብካቤ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ፈጽሞ እስክሪን እንዳያዩ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጡ መክሯል። ከሦስት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንደሚገባውም በዚሁ መመሪያ ተገልጿል። ስለዚህ የቀን ዕረፍት መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቋንቋም ሌላው የምርጫ ነጥብ ነው። ብዙ የከተማ ወላጆች ልጃቸው እንግሊዝኛ ቶሎ እንዲናገር ስለሚመኙ በዚህ የሚታወቀውን ኬጂ ይመርጣሉ። ነገር ግን ልጅ ሐሳቡን አስፍቶ የሚያስበውና የሚጠይቀው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። በአማርኛ ተረት ሰምቶ መልሶ መናገር የቻለ ልጅ ሌላውን ቋንቋ በኋላ ለመማር መሠረት አለው። ትርጉሙን የማያውቀውን የእንግሊዝኛ መዝሙር በቃሉ መወጣቱ ግን ማወቁን አያሳይም።

የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጉብኝቱ በኋላ ኃላፊውን ወይም ርዕሰ መምህሩን ቀርቦ ማነጋገር ይገባል። ፈቃዱን የሰጠው የትኛው ጽሕፈት ቤት ነው? መምህራኑ ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ሠልጥነዋል? ባለፈው ዓመት ስንት መምህራን ለቀቁ? ልጅ ሲያጠፋ እንዴት ይቀጣል? መልሱ አርጩሜ ወይም ጨለማ ክፍል ከሆነ ወላጅ ልጁን ይዞ ይመለስ። ልጅ ሲታመም ለማን ይደወላል? ከወላጅ ሌላ ልጁን መውሰድ የሚፈቀድለት ማን ነው? በሚሰጠው ክፍያ ውስጥ ምግብ፣ መጽሐፍና ልብስ ተካተዋል ወይስ በኋላ ይጨመራሉ? የአካል ጉዳት ወይም የመስማት ችግር ላለበት ልጅ ምን ዝግጅት አለ?

ተቋሙም ወላጅን መጠየቅ ይኖርበታል። የክትባት ካርድ የማይጠይቅ ማቆያ ለሌሎቹም ሕፃናት አይጠነቀቅም። በአገራችን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ሕፃኑ ከብዙ ልጆች ጋር መዋል ከመጀመሩ በፊት መወሰዱን በጤና ጣቢያ ማረጋገጥ ያሻል። የልደት ምስክር ወረቀትም ያስፈልጋል። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ በሚኖሩበት ቀበሌ መመዝገብ ያለበት ሲሆን ምዝገባው ልጁ በዕድሜው ትክክለኛው ክፍል እንዲገባ ይረዳል።

አገልግሎቱ በሌለበት

በብዙ የገጠር ጎጦች ማቆያ የለም፤ ኦ ክፍሉም ለትንሽ እግር ሩቅ ነው። በተጨማሪም ባለፉት ዓመታት በክልሉ በገጠመው የጸጥታ ችግር ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ በመዘጋታቸው ብዙ ልጆች የቅድመ አንደኛ ትምህርት ሳያገኙ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። ለእነዚህ ልጆች ወላጆች ከርዕሰ መምህሩና ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ተመካክረው ተገቢውን ክፍልና የማካካሻ ጊዜ መወሰን ይሻላቸዋል። ልጁ አልፎበታል ብሎ ከብት ጠባቂ ማድረግ ግን ጉዳቱን ያበዛል።

ጎረቤታሞች ተባብረው የሚሠሩትም አለ። በወንፈልና በደቦ ማሳ የሚያርሱና የሚያጭዱ ቤተሰቦች የሕፃናት ጥበቃንም በዚያው መንገድ በተራ ሊያደርጉት ይችላሉ። በአጨዳው ቀን አንዲት ጎልማሳ ሴት ወይም አንድ ሽማግሌ የጎጡን ሕፃናት በአንድ ጥላ ሥር ይዘው ቢውሉ፣ ሌሎቹ የእርሳቸውን ማሳ ቢያጭዱላቸው፣ ታላቋ እህት ትምህርቷን አታቋርጥም። በዚያ ጥላ ሥር ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ጠጠር መቁጠርና በአሸዋ ላይ ፊደል መጻፍ ካለ ልጆቹ እየተጠበቁም እየተማሩም ነው። ለተራው የሚመረጠው ሰው ጤነኛ፣ ታጋሽና የሁሉም እናቶች እምነት የተጣለበት መሆን አለበት፤ ንጹሕ ውኃና የልጆቹ ምግብም ከየቤቱ ተዘጋጅቶ መሄድ ይኖርበታል።

በከተማ ለሚኖሩና ልጃቸውን ለቤት ሠራተኛ ትተው ለሚወጡ ወላጆችም ምክሩ ተመሳሳይ ነው። ሠራተኛዋ ራሷ ልጅ ከሆነች ሕፃን ልትጠብቅ አይገባም። አዋቂ ብትሆንም ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብና ሕፃን መጠበቅ በአንድ ጊዜ ሲጫኑባት የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። ሥራዋን መቀነስ፣ ባልተጠበቀ ሰዓት ወደ ቤት ጎራ ማለትና የልጁን ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ይህ ማስተዋል ልጁ ኬጂ ወይም ኦ ክፍል ከገባም በኋላ ይቀጥላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማልቀስ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ነገር ግን ልጁ ከወር በኋላም ትምህርት ቤት ሲባል የሚደነግጥ፣ ሌሊት የሚባንን፣ በሰውነቱ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ምልክት የሚታይበት ከሆነ ወላጅ ሳይውል ሳያድር ሄዶ መጠየቅ አለበት። ማታ ሲመለስም ፈተና ስንት አመጣህ ከማለት ይልቅ ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ፣ ምን በላህ፣ ማን አስለቀሰህ ብሎ መጠየቅ የውሎውን እውነት ያወጣል።

የትምህርት ቤቶች ምዝገባ የሚካሄደው መስከረም ከመጥባቱ አስቀድሞ በመሆኑ ወላጆች በክረምቱ ወራት በአቅራቢያቸው ወዳለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደው ኦ ክፍል መኖሩን፣ የሚቀበለውን ዕድሜና የሚያስፈልገውን ሰነድ ቢጠይቁ ጊዜ ይቆጥባሉ። ኦ ክፍል ከሌለ ደግሞ የጎጡ ወላጆች ልጆቻቸውን ቆጥረው፣ ስምና ዕድሜያቸውን መዝግበው ጥያቄያቸውን በጋራ ለትምህርት ቤቱና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላሉ።