«ይህ ገበያ ነገ ቢዘጋስ?»

ስንመረቅ የራሳችንን ንግድ ለመጀመር ያሰብን ብዙዎች ነን። ስልታዊ ዕቅድ ማለት ድርጅቱ ከዓመታት በኋላ የት እንደሚደርስ፣ በምን መንገድና በየትኛው አቅም እንደሚደርስ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ምሳሌው ደጃችን ላይ አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ዓላማው ልብስ አምርቶ ወደ ውጭ መላክ ነበር፤ በአጎዋ ዕድልም ምርቱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። በኅዳር 2014 ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጦርነቱ መባባስ ምክንያት እዚህ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። አብዛኞቹ የፓርኩ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ናቸውና ስጋቱ የወደቀው በእነሱ እንጀራ ላይ ነው።

ስለዚህ ስናቅድ የውስጥ ጥንካሬና ድክመታችንን፣ የውጭ ዕድልና ስጋትን እንመዝን። ሁለተኛ ገበያ እንፈልግ፣ መጠባበቂያ ገንዘብ እንያዝ፣ ዕቅዱን በየሦስት ወሩ እንፈትሽ። ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ለሰባቱ የችግር ዓመታት እህል አስቀምጠዋል። ተወኩል ግመልን ካሰሩ በኋላ ነው።